ውሃው ቦካ ወይ?

እኛ አገር ሰው «ልሂድ» ሲል መሄዱ እንዳልሆነ የማያውቅ ካለ፣ እሱ ትናንት የመጣ መሆን አለበት። «በልቻለሁ» ማለት «እስቲ አንዴ ደግማችሁ ለምኑኝ» ማለት ነው። «አልጠጣም» ማለት «በሞቴ ካላችሁኝ ግን ምን አደርጋለሁ» ማለት ነው። «ልሂድ» ደግሞ የእነዚህ ሁሉ አለቃ ናት። እንግዳው ብድግ ይላል፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ያስተካክላል፣ በር ድረስ ይራመዳል፤ ከዚያ በሩን ደገፍ ብሎ ዋናውን ጨዋታ ይጀምራል። እናንተም ቤት እንዲሁ ነው፤ አትሸፋፍኑት።

ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ያደግንበት ጨዋነት ነው። ጣጣው የሚመጣው ለማኙም ተለማኙም ከልክ በላይ ጨዋ የሆኑ ዕለት ነው። አንዱ መቅረት እየፈለገ «ልሂድ» ይላል፤ ሌላው ማስቀረት እየፈለገ «እንግዲህ እንዳላስቸግርዎ» ብሎ ከዘራውን ያቀብላል፤ ሁለቱም ደንባቸውን ጠብቀው፣ ሁለቱም ከፍቷቸው ይለያያሉ። በአማትና በአማች መካከል ሲሆን ደግሞ አያድርስ ነው። ሚስቴ እኔንና አባቷን «እናንተ ሁለታችሁ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ በሩ ላይ ቆማችሁ 'ይቅደሙ'፣ 'የለም አንተ ቅደም' ስትባባሉ ታልቃላችሁ» ትለናለች። አልተሳሳተችም።

የኔ አማት፣ የሚስቴ የየሺ አባት፣ አባባ ጓዴ ይባላሉ። ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ ወረድ ብላ ካለች መንደር ተወልደው፣ እዚያው ከአርባ ዓመት በላይ ዓሣ ሲያሰግሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መጀመሪያ በደንገል ታንኳ፣ ኋላ በእንጨት ጀልባ። የየሺ እናት ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ባለፈው ክረምት ከሐይቁ ሲመለሱ ጭቃ አዳለጣቸውና ጉልበታቸው ክፉኛ ተጎዳ፤ የሺ ገስግሳ ሄዳ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ወዳለው ቤታችን ይዛቸው መጣች። ሐኪሙ ጉልበታቸውን አገላብጦ አይቶ «ከእንግዲህ ብቻቸውን እንዳይኖሩ» አለ። ጉልበቱን በሚገባ አከመላቸው። ኩራት የሚታከምበት ክፍል ግን ሐኪም ቤቱ የለውም።

አባት በወንድ ልጁ ቤት ቢጦር ወግ ነው። በሴት ልጁ ቤት፣ በአማቹ ማዕድ ላይ ሲቀመጥ ግን፣ እንጀራው ጉሮሮው ላይ የሚቆምበት ሰው አለ፤ አባባ ጓዴ አንዱ ናቸው። ከየሺ ሌላ ልጅ ደግሞ የላቸውም። ስለዚህ በየሳምንቱ «እሑድ የሐሙሲቱን መኪና ይዤ እሄዳለሁ» ይላሉ፤ እሑድ ሲደርስ የሺ ታለቅሳለች፤ እንባዋን አይተው አንድ ሳምንት ይጨምሩላታል። እኔም «ይቆዩልን እንጂ አባባ» ማለቴ አልቀረም። ነገር ግን አማች «ይቆዩልን» ሲል ደንቡ ነው የሚናገረው፤ እሳቸውም «እግዜር ይስጥልኝ» ሲሉ ደንባቸው ነው የሚመልሰው። እኔና እሳቸው ገና አልተነጋገርንም ነበር። ቀኑን ሙሉ ሳሎን ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ፤ ማዶና ማዶ ሲመለከት የኖረ ዓይን ሦስት ሜትር ላይ ሲቆም ማየት፣ እውነቴን ነው፣ አንጀት ይበላል።

እንግዲህ ያ መስታወት ቤታችን የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ይርጋ የሚባል አብሮ አደጌ አለ፤ ፔዳ አካባቢ ባዮሎጂ ያስተምራል፤ ዓሣ የሚያኖርባቸው ሁለት የመስታወት ሣጥኖች ነበሩት። ጠበብ ወዳለ ቤት ሲዛወር አንዱን «ውሰደው» አለኝ፤ ውሃውን የሚያጣራውን ትንሽ ሞተርም፣ የውሃ መመርመሪያ ጠብታዎቹንም ጨምሮ። ውሃው ሲደርስ ደግሞ ስድስት ዓሣ ሊሰጠኝ ቃል ገባ። ጣና አፍንጫው ሥር ተዘርግቶለት ዓሣን በሣጥን የሚያኖር ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ እኔን ተመልከቱ። የልቤ ሐሳብ ግን አንድ ነበር፤ እኒህ ሰው ከግድግዳው ሌላ የሚያዩት ነገር ያግኙ፣ ምናልባትም ይቆዩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሣጥኑን ፊት ለፊታቸው አስቀምጬ፣ አሸዋና ጠጠር አንጥፌ፣ ውሃ ሞላሁበት። አባባ ጓዴ ጎንበስ ብለው ውስጡን አዩና፣

«ዓሣው የታል?» አሉ።

«ገና ነው አባባ። መጀመሪያ ውሃው መዘጋጀት አለበት። አንድ ወር፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ።»

«ውሃ ደግሞ ምን ይዘጋጃል?»

ለቀባሪው አረዱት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። እኔ፣ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ሲያወጡ ለኖሩ ሰው ስለ ዓሣ አስረዳሁ። ዓሣ ውሃ ውስጥ ይበላል፣ እዚያው ይጸዳዳል። ከቆሻሻው አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። አሞኒያውን የሚበላ፣ በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ አለ፤ እሱ በልቶ ናይትራይት የሚባል ሌላ መርዝ ይተዋል። ያንን ደግሞ ሌላ ባክቴሪያ ይበላና ናይትሬት ወደሚባል፣ ብዙም ወደማይጎዳ ነገር ይለውጠዋል። አዲስ ውሃ ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ገና አልተፈጠሩም። ተባዝተው ጠጠሩንና የማጣሪያውን ስፖንጅ እስኪለብሱት ድረስ ዓሣ ቢገባ ያልቃል።

አባባ ጓዴ አገጫቸውን ይዘው ሰሙኝ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«እርሾ ነዋ የምትለኝ! ሊጡ ሳይቦካ አይጋገርም ነው ነገሩ።»

ይርጋ በአንድ ሰዓት ያስረዳኝን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ቀጠሉናም «እንግዲያስ ይቺን ሳላይ አልሄድም» አሉ። የሺ ከጓዳ ብቅ አለች። «ዓሣው በገባ ማግስት ግን የሐሙሲቱን መኪና እይዛለሁ። ቃሌ ነው፤ ያኔ እንባ አላይም!» የሺም እኔም ልባችን ውስጥ አንድ ወር አገኘን ብለን ደስ አለን። አንድ ወር እንደሚያልቅ ያን ዕለት ማን አሰበ?

ሥራ ተጀመረ። የቧንቧውን ውሃ በባልዲ ሁለት ቀን እያሳደርሁ ነበር የሞላሁት፤ ክሎሪኑ እንዲወጣ። የሺ፣ አዋላጅ ነርስ ናት፣ ሃያ ዓመት ጤና ጣቢያ ሠርታለች፣ ቆማ ታየኝ ነበርና «ክሎሪኑ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። «ባክቴሪያዎቹን ይገድላል» አልኋት። «ሁሉንም?» አለች። «አንድ ሳይቀር» አልሁ። «አሃ» ብላ ሄደች። ይቺን «አሃ» ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ከዚያ ውሃው አሞኒያ እንዲያገኝ አንዲት ቁራጭ ጥሬ ዓሣ በቀጭን ጨርቅ ቋጥሬ ጣልሁበት። በሦስተኛው ቀን ቤታችን ምን እንደሸተተ አልነግራችሁም። ጎረቤቶች በየሰበቡ ብቅ እያሉ፣ ባዶ ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለ የተቋጠረ ነገር አይተው፣ አማትበው ወጡ። አንዷማ «መድኃኒት አድርገውባችሁ ነው?» ብላ የሺን በጆሮዋ ጠየቀቻት። ቋጠሮዋን በሳምንቱ አውጥቼ ጣልኋት። መጣሌን ልብ አድርጉልኝ፤ ከነአጥንቷ፣ ከነጨርቋ ነው የጣልኋት።

ምርመራው የሚካሄደው በየማለዳው ነው፣ ሥራ ከመሄዴ በፊት። በትንሽ የመስታወት ቱቦ ውሃ ቀድቶ፣ ጠብታ ጨምሮ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቆ፣ ቀለሙን ካርቶኑ ላይ ከተሣሉት ቀለማት ጋር ማስተያየት ነው። አሞኒያ ከሌለ ቢጫ፣ ካለ አረንጓዴ። ናይትራይት ከሌለ ሰማያዊ፣ ካለ ወይን ጠጅ። ቀላል ይመስላል፤ ከአባባ ጓዴ ጋር ካልሆነ። እኔ «አረንጓዴ ነው» ስል «ኧረ ምኑ! ሊደርስ የተቃረበ ገብስ ነው» ይላሉ። እኔ «ደማቅ አረንጓዴ» ስል እሳቸው «አሁን ጎመን አልኸው! ዓይንህን ሐኪም ይየው» ይላሉ። በቱቦዋ ላይ ስንከራከር ሁለት ጊዜ ሥራ አረፈድሁ። የመዝገብ ቤት አመል አይለቅምና ሁሉንም በደብተር አሰፍራለሁ፤ ከፊሉ ገጽ «ገብስ»፣ «ጎመን»፣ «ያልበሰለ ሎሚ» የሚል ነው። ይርጋ ደብተሩን አይቶ «ይሄ ምርምር ነው ወይስ የአትክልት ተራ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አባባ ጓዴ ግን ተለወጡ። ከእኔ ቀድመው ይነሡና፣ በዚያ በማይታዘዝ ጉልበታቸው ሳሎን ደርሰው፣ ወንበራቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው ይጠብቁኛል። ገና ከመኝታ ቤት ስወጣ «ቦካ?» ይሉኛል። «ገና ነው አባባ።» «ምን ይደረጋል፤ ውሃ አይቸኮልም።» ቁርሳቸውንም እዚያው ውሃው ፊት መብላት ጀመሩ፤ ድሮ ሁለት ጉርሻ በልተው «ጠገብሁ» ይሉ የነበሩት ሰውዬ፣ አሁን ሳህኑን ያጸዱታል። ከሰዓት በኋላ አጥር በር ድረስ ወጥተው ላገኙት ሁሉ ስለ ናይትራይት ያስረዳሉ። አንድ ጊዜ ከሥራ ስመለስ የሰፈሩን ዘበኛ ይዘው «አየህ፣ ይሄኛው የዚያኛውን ትራፊ ነው የሚበላ» ሲሉት ሰማሁ። የሺ ጓዳ ውስጥ ስትስቅ፣ ከሳቋ መሐል ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ መብራት ሄደ። ሞተሩ ቆመ፣ ውሃው ጸጥ አለ። ይርጋ ጋ ብደውል «ውሃው ካልተንቀሳቀሰ አየር ያጣሉ፣ ያለፋኸው ሁሉ ሊሞትብህ ይችላል» አለኝ። ጭንቅላቴን ይዤ ስቆም አባባ ጓዴ «ጣሳ አምጣ» አሉኝ። ጣሳውን ተቀብለው ውሃውን እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሱት ጀመር፤ ሲቀዱ ሲያፈሱ፣ ሲቀዱ ሲያፈሱ። «ሐይቁንም የሚያኖረው ማዕበሉ ነው። የቆመ ውሃ ሙት ነው» አሉኝ። ሲደክማቸው እኔ ተቀበልሁ፤ ሲደክመኝ እሳቸው። መብራቱ እስከ ስምንት ሰዓት አልመጣም።

በዚህ መሐል ነው፣ ጣሳው እጃቸው ላይ ሆኖ፣ እኔን ሳያዩ ውሃውን እያዩ የተናገሩት። የየሺ እናት በየቀኑ ረፋድ ላይ ሐይቁ ዳር ወርደው፣ የባላቸው ታንኳ ከሩቅ እስኪታይ ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። «ዓሣ ያዝሁ አልያዝሁ ግድ አልነበራትም። መድረሴን ነበር የምትጠብቀው። እሷ ካረፈች ወዲህ ዳር ስደርስ ድንጋዩ ባዶ ነው። አንዳንዴ ልመለስ እልና ወዴት እንደምመለስ ይጠፋኛል» አሉ። እኔ «እዚህ የሚጠብቅዎ አለ፤ አይሂዱብን» ልላቸው አፌ ላይ መጣ። አያችሁ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ያልሁት ግን «ጣሳውን ልቀበልዎ» ነው። ጨዋ ሰው ነኛ!

በአምስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ቱቦዋን ወደ መስኮት አነሣሁ፤ አሞኒያ ጥርት ያለ ቢጫ፣ የገብስም የጎመንም ዘር የሌለበት። ናይትራይቱም ወደ ሰማያዊ እያዘነበለ። «አባባ! ሊቦካ ነው! ቢበዛ አንድ ሳምንት ቢቀረው ነው!» ብዬ ጮህሁ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ዞር ስል ፊታቸው ላይ ያየሁት ሌላ ነው። «እንዲያ ነው? ደግ» አሉና ቁርሳቸውን ገፋ አደረጉት። ጥቂት ቆይተው የሐሙሲቱ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቁኝ።

ጓዳ ስገባ የሺ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። «ምን አስቸኮለህ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «አባቴን ከቤቴ ለማስወጣት ነው በየማለዳው እንደ አላርም የምትነሣው?» ኸረ በስማም! ዓሣው ሲገባ እንደሚሄዱ ረስቼው አይደለም፤ ውሃው እንዲደርስ በመጓጓት ውስጥ ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመው እንኳ አልታየኝም።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ የማጣሪያው ስፖንጅ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ነጭ ሆኗል። በረኪና በረኪና ይሸታል። «የሺ! ምን አደረግሽ?» «ውይ» አለች፣ «ቡናማ ሆኖ፣ ዝልግልግ ብሎ አየሁትና ቆሻሻ መስሎኝ አጠብሁት።» ጮህሁ፣ ተንጎራደድሁ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ የተባዙት ባክቴሪያዎች በአንድ ክዳን በረኪና እንዳለቁ አስረዳሁ። አባባ ጓዴ «ተዋት፤ ሴት ልጅ ንጽሕና ስትወድ ነውር የለውም» ብለው ሸመገሉን። ፊታቸው ግን በርቶ ነበር። ሃያ ዓመት ጀርም ስትገድል የኖረች ነርስ በረኪና ምን እንደሚያደርግ እንዴት ሳታውቅ ቀረች ብዬ ያን ዕለት አልጠየቅሁም። እናንተ ግን «አሃ»ዋን አስታውሳችኋል።

እንደገና ጀመርን። አሁን ግን እኔም ብልጥ ሆንሁ። ቀለሙ ወደ ቢጫ ሲያዘነብል «ገና አረንጓዴ ነው» ማለት ጀመርሁ፤ ደብተሩ ላይ ሳይቀር ሐሰት ጻፍሁ። በመዝገብ ቤት ዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም፤ ደግሞም አልጸጸተኝም። የሚገርመው፣ «ጎመን» ሲሉ የኖሩት ሰውዬ አሁን አይከራከሩኝም። ያገኘሁትን ቀለም ብጠራ «ልክ ነህ» ይላሉ። ይባስ ብሎ በሦስተኛው ሳምንት መዋሸት ሳያስፈልገኝ ቀረ። አሞኒያው ከምንም ተነሥቶ ወጣ። ወረደ። ደግሞ ወጣ። ይርጋን ብጠይቀው «ውስጡ የሚበሰብስ ነገር አለ፤ ፈትሽ» አለኝ።

አባባ ጓዴ ፀሐይ ሊሞቁ የወጡ ጊዜ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ጠጠሩን ፈተሽሁ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ። እኔ ያወጣሁት ዘንዶ አይደለም። አጥንት ነው፤ ሚጢጢ፣ ነጭ፣ የቀረሶ አጥንት። አንድ አይደለም፣ ሰባት! ጥግ ላይ፣ ልክ አባባ ጓዴ ወንበር በኩል፣ ተከማችቷል። የሺ ከገበያ እያመጣች ለቁርሳቸው የምትጠብስላቸው ዓሣ አጥንት ነው። እኒያ ሳህናቸውን የሚያጸዱት ሰውዬ በየማለዳው አንዳንድ ጉርሻ ለውሃው ሲያጎርሱት ከርመዋል። እንዳይቦካ። እንዳይሄዱ።

እዚያው ወለሉ ላይ፣ እጄ እየተንጠባጠበ፣ ቁጭ አልሁ። አለቅስ ይሁን እስቅ አላወቅሁም፤ ትንሽ ትንሽ ከሁለቱም አደረግሁ። ከዚያ አጥንቶቹን አንድ ባንድ ወደ ቦታቸው መለስኋቸው። አንዷን ብቻ ኪሴ ከተትሁ። አባባ ጓዴ ገብተው እጄን ሲያዩት «ቦካ?» አሉኝ። «ኧረ ገና ነው አባባ! ምን እንደነካው እኔንጃ።» «ምን ይደረጋል» አሉ፣ «ውሃ አይቸኮልም።» ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አለ ያገሬ ሰው።

እንዲህ ሆነን ዓመት በከረምን ነበር። ይርጋ ነው ያፈረሰብን። ወደ ሌላ ከተማ ለጥቂት ወራት ሥልጠና ሊሄድ ሆነና፣ ዓሣዎቹን የሚያበላለት ስለሌለ ለወዳጆቹ ሊያከፋፍል፣ እሑድ ጠዋት ሳይጠራ መጣ። እኔን ሳይጠይቅ ቱቦዋን አንሥቶ ሁላችንም ፊት ውሃውን መረመረ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ የጠነከረ ውሃ አይቼ አላውቅም! አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ። ምን ስታበሉት ነው የከረማችሁት?» አባባ ጓዴ ጣሪያውን አዩ። እኔ ወለሉን አየሁ። ለካ ጉርሻው ባክቴሪያዎቹን ሲቀልብ ከርሟል፤ አጉርሰው አጉርሰው አሞኒያውን ሁሉ ባንድ ቀን የሚጨርስ ውሃ አድርገውታል። እንዳይቦካ የለፉበት ውሃ በእጃቸው ቦካ።

«ወንዶቹን ልስጣችሁ?» አለ ይርጋ፤ «ጉፒ ይባላሉ፤ ቀለም ያላቸው ወንዶቹ ናቸው።» የሺ ነጠላዋን አነሣችና «እኔ ሄጄ እመርጣለሁ» አለች። ተናደድሁባት፤ አባቷ ሊሄዱ ነው፣ እሷ ዓሣ ትመርጣለች! ከሰዓት በፊት በላስቲክ ይዛቸው መጣች። አምስቱ ቀያይ፣ ጅራታቸው የሚውለበለብ። ስድስተኛዋ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ምንም ቀለም የሌላት። «ይቺን ደግሞ ምን ልታደርጊ አመጣሻት?» አልኋት። «ታሳዝናለች» አለችኝ።

ዓሣዎቹ ገቡ። ውሃው አንድም አልገደለም። አባባ ጓዴ እስከ ማታ አዩዋቸው፣ «ያምራሉ» አሉ፤ ከዚያ ከረጢታቸውን ጠየቁ። ቃል ቃል ነው። የሺ ልብሳቸውን ስታጣጥፍ አንድ ጠብታ እንባ አላፈሰሰችም፤ ይሄም ገረመኝ።

ሰኞ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ፣ መናኸሪያ ላደርሳቸው ተዘጋጀሁ። ጋቢያቸውን ለበሱ፣ ከዘራቸውን ያዙ። ኪሴ ውስጥ አጥንቷን እየነካካሁ ዛሬስ እናገራለሁ አልሁ። «አባባ…» አልሁ። «አቤት» አሉ። «…ከረጢቱን ልያዝልዎ» አልሁ። እንደ እኔ ያለ ሰው መሬት ይዋጠው!

በር ላይ ደርሰው፣ እንደ ደንቡ፣ ቆሙ። «እስቲ እነዚያን ልሰናበታቸው» ብለው ተመለሱ። ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ። ቆዩ። ወገባቸው እንዳይጎዳ ብዬ ልደግፋቸው ስጠጋ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«የሺ! ነይ እስቲ እይ።»

ጠጠሩ መሐል፣ ዓይን ብቻ የሆኑ፣ ከጤፍ ብዙም የማይበልጡ ነገሮች ይርመሰመሳሉ። ግራጫዋ ጥግ ላይ፣ ቀጥናና ደክማ ቆማለች። እንቁላል አይደለም፣ ልጆች ናቸው፤ የጉፒ ዘር እንደኛው የሚወልድ ነው። አባባ ጓዴ ቀና አሉ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ጋቢያቸውን አውልቀው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«አራስ ያለችበትን ቤት ጥሎ መሄድ ከየት የመጣ ነው?» አሉ በቁጣ፣ የምትሸኙኝ እናንተ ናችሁ በሚል ዓይን እያዩን። «ክርስትናው ሳይደርስ! ሰው ምን ይላል?»

እኔ እንኳ ይሄን ጊዜ ገባኝ። «ልክ ነዎት አባባ፤ ነውር ነው» አልሁ። «ወንድ ከሆኑ አርባ ቀን ነው፤ ሴት ከሆኑ ሰማንያ።» «ወንድ ናቸው ሴት?» «አሁን አይለይም፤ ሳምንታት ይፈጃል።» ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ሰማንያውን እንያዝ። ሴት ብትኖርባቸውስ?» አሉ። ከዚያ አባትየው ዓሣ ልጆቹን እንዳይበላቸው ወንፊት እንዲመጣ አዘዙ፤ የሺም ወንፊቱን ጓዳ በር ላይ አዘጋጅታ ይዛው ነበር።

ማታ ለይርጋ ደውዬ ስነግረው ሳቀ። «እነሱ እኮ በየወሩ ነው የሚወልዱት» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ የሺን አየኋት። «አውቀሽ ነው?» አልኋት። «እንግዲህ» አለች፣ እጇን እያደራረቀች፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ ሆድ ሳይ ኖሬ፣ ዛሬ ልትወልድ የደረሰችዋ ትጠፋኛለች?»

ይኸው እስከ አሁን አራት ጊዜ ወልዳለች። በወለደች ቁጥር አባባ ጓዴ ቆጠራውን ከአንድ ይጀምራሉ፤ ሰማንያው አንድም ቀን ሞልቶ አያውቅም። እኔ እንኳ ቀን መቁጠርና መጻፍ እንጀራዬ ነው፤ ይሄኛውን ግን አልጻፍሁም። አጥንቷ ደብተሬ ውስጥ፣ ሐሰት የጻፍሁባቸው ገጾች መሐል አለች። አሁንም እሑድ እሑድ «ክርስትናው ይለፍና እሄዳለሁ» ይሉኛል፤ እኔም «ምን ይደረጋል አባባ፣ አራስ አትቸኮልም» እላቸዋለሁ። ደንብ ነው።